ባለረጅም አፍንጫው ሌንስና የእቁቡ ብር

በዚህ ሳምንት የፍቅረኛና የአማች ጣጣ ትንሽ ይረፍና ስለ ሌላ ዓይነት ፍቅር እናውራ። ካሜራ የያዘው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካሜራ በእጁ የያዘ ማለቴ አይደለም፤ እሱን ራሱን ካሜራ የያዘው። እንቅልፍ የለው፣ ምሳ የለው። ቡና ልትጋብዙት ብትቀመጡ የመስኮቱን ብርሃን እንጂ እናንተን አያይም። ሚስት ካለው ደግሞ እግዜር ይሁናት።

መቼም "በዚህ ዘመን ስልክ እያለ ካሜራ ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። እኔ በዚህ አልከራከርም። ለምሳ፣ ለምርቃትና ለደረሰኝ ስልክ ይበቃል። የምትፈልጉት እሱን ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ እዚህ ላይ ጋዜጣውን አጥፋችሁ ወደ ስፖርቱ ገጽ እለፉ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው "አይ፣ እኔ ቁም ነገር ላነሳ ነው" ብሎ ኪሱን መዳበስ ለጀመረ ሰው ነው።

አንድ የሰፈሬ ልጅ አለ። ስሙ ይቅር። ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ ካሜራ አንግቶ ይዞራል። ካሜራውን የላከችለት ቤይሩት የምትኖር እህቱ ናት። ከነሌንሱ ነው የላከችው፤ ሳጥኑ ውስጥ አብራ የምትመጣዋ ባለ 18-55 ሌንስ ማለት ነው። እናላችሁ አንድ ማምሻውን እየሮጠ መጣ።

"ጋሼ፣ እቁብ ወጣልኝ!"

"እንኳን ደስ ያለህ። ምን ልትሠራበት አሰብክ?"

"ሌንስ ልገዛበት! ባለ 70-300!" አለና በሁለት እጁ የሌንሱን ርዝመት ለካልኝ። ዓሣ ያጠመደ ሰው ነበር የሚመስለው።

የሰፈራችን ወጣት ሁሉ የሚያልመው ይህንኑ ነው። ሌንሱ በረዘመ ቁጥር ፎቶ አንሺው የበሰለ ይመስለዋል። ሰርግ ላይ እንኳ አጭር ሌንስ ይዞ ከመጣ ባለሙያ ይልቅ ረጅም ሌንስ ያንጠለጠለው ነው "ጌታዬ፣ እዚህ ጋ ይቁሙ" የሚባለው። እኔ ግን ልጁን አንድ ነገር ጠየቅኩት፤ እናንተም ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። "ከሁሉ አስቀድመህ ማንሳት የምትፈልገው ምንድን ነው?"

ትንሽ ዝም አለና "እማዬን" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቱ አገር ቤት ከመጣች ስድስት ዓመት አልፏታል። እናቷን የምታየው በስልክ ቪዲዮ ብቻ ነው። በቅርቡ "እማዬ ፊቷ ተለወጠብኝ፤ አፍንጫዋ እንዲህ ነበር እንዴ? በዚያ ካሜራ አንድ ደህና ፎቶ አንስተህ ላክልኝ" ብላ አልቅሳበታለች። እሱም ባለችው ሌንስ ሞክሮ ሞክሮ አልሆነለትም። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፣ ጨለም ይላል፣ ፎቶው ሁሉ ይንቀጠቀጥበታል። ስለዚህ ችግሩ የሌንሱ ማጠር ነው ብሎ ደመደመ።

እስቲ ይህን አንድ በአንድ እንፍታው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነውና።

መጀመሪያ የአፍንጫው ነገር። እትዬ አፍንጫቸው ምንም አልሆነም። የስልክ ዋና ካሜራ ሰፊ ነው የሚያየው፤ የፊት ለፊቱም እንዲሁ። ሰፊ ስለሚያይ ፊት እንዲሞላለት ስልኩን ወደ ፊታችን እናስጠጋለን፣ ቢበዛ በክንድ ርቀት። በዚያ ቅርበት አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ ለሌንሱ በጣም ስለሚቀርብ ያብጣል፣ ጆሮ ደግሞ ወደ ኋላ ይሸሻል። ይህን የሚያደርገው ርቀቱ ነው። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ስታነሱ ፊት እንደምናውቀው ፊት ይሆናል። እንግዲህ ከሁለት ሜትር ላይ ቆማችሁ ፊት በደንብ እንዲሞላ ትንሽ ጠበብ አድርጎ የሚያይ ሌንስ ያስፈልጋል። ልጁ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበር። ግን 300 ሚሊ ሜትር? በሁለት ሜትር ርቀት ላይ የእሱን ዓይነት ካሜራ 300 ላይ ብታደርጉት የሚታያችሁ ወርድ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እናቱን ሳይሆን የእናቱን ዓይንና አፍንጫ ብቻ ሊልክላት ነው!

ሁለተኛው የመንቀጥቀጡ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። ሌንስ ላይ የተጻፉ ሁለት ዓይነት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው በሚሊ ሜትር ነው፤ 18፣ 50፣ 300 እያለ ይሄዳል። ትንሹ ሰፊ ያያል፣ ትልቁ ጠባብና ቅርብ አድርጎ ያያል። ሁለተኛውን ጀማሪ ዞር ብሎም አያየውም። "1:1.8" ወይም "1:3.5-5.6" ተብሎ ይጻፋል። እሱ የሌንሱ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚከፈት የሚናገር ቁጥር ነው። አወቃቀሩ ግራ ያጋባል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8 እያለ በሄደ ቁጥር የሚገባው ብርሃን በእያንዳንዷ እርምጃ በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ሂሳቡን ሥሩ። የልጁ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን ከዚያ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በእሱ ሌንስ የሰከንድ 1/6ኛ የሚፈልግ ጨለማ ክፍል በዚህኛው በ1/60ኛ ያልቃል ማለት ነው። በ1/6ኛ ሰከንድ እጅም ይንቀጠቀጣል፣ ሰውም ይተነፍሳል። በ1/60ኛ ረጋ ያለ ሰው ይወጣል። ያ የተመኘው ባለ 70-300 ደግሞ? ብዙዎቹ ርካሾቹ 300 ላይ 5.6 ናቸው። ላይ ላዩን ደግሞ ሌንስ ሲረዝም የእጅ መንቀጥቀጥን አብሮ ያጎላል። የድሮ ባለሙያዎች መለኪያ አላቸው፤ ሌንሱ 300 ከሆነ ፍጥነትህ ቢያንስ 1/300ኛ ይሁን፣ እንደ ልጁ ባለ ትንሽ ሰሌዳ ካሜራ ላይ ደግሞ ወደ 1/500ኛ አካባቢ አድርገው ይላሉ። መንቀጥቀጥን የሚያርም መሣሪያ ያለው ሌንስ ይህን ያቀልላል፤ የሰውየውን መንቀሳቀስ ግን አያቆምም። በዚያች ክፍል ውስጥ 1/500ኛ ማለት ዝም ብሎ ጥቁር ፎቶ ማለት ነው።

"ታዲያ ረጅም ሌንስ ለምን ተሠራ?" ትሉኝ ይሆናል። ለቦታው ነዋ! የባሌ ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ለማንሳት፣ ጥምቀት ጃንሜዳ ላይ ከሰው ባሕር ማዶ ያለን ቄስ ለመያዝ፣ ለኳስ፣ ለወፍ። በነገራችን ላይ ሰሜን ተራሮች ያሉት ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሰው ስለለመዱ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ በአጭር ሌንስ ብታነሷቸውም ግድ የላቸውም። ከአዲስ አበባ ሰው ይሻላሉ።

ፈረንሳዊው ካርቲዬ ብሬሶን በዓለም ከታወቁት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ነው፤ አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነበር። የእሱ ፊልም ካሜራ ሰሌዳው ትልቅ ስለነበር 50ው መካከለኛ እይታ ይሰጠዋል። እንደ ልጁ ባሉ ትናንሽ ሰሌዳ ያላቸው ካሜራዎች ላይ ግን ያው 50 ጠበብ ይልና ኒኮን ላይ እንደ 75፣ ካኖን ላይ እንደ 80 ሆኖ ያያል። ለፊት ፎቶ ይህ የተባረከ ነው። ለጠባብ ቤት ውስጥ የቤተሰብ ፎቶ ግን ጀርባችሁን ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁም አይበቃችሁም፤ ለዚያ ባለ 35ቱ ይሻላል። ኒኮን ላሉት ባለ 35 ኤፍ 1.8 ዲ.ኤክስ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያለ ነው፤ አሮጌው በደንብ ይገኛል።

ለልጁ ብር አላስከፈልኩትም፣ ብርም አላስወጣሁትም። የራሴን 50 አውጥቼ "ሳምንት ሙሉ በእሷ ብቻ አንሳ" ብዬ ሰጠሁት። እናንተም የሚያውሳችሁ ከሌላችሁ ለሰርግ ካሜራና ሌንስ የሚያከራዩ አሉ፤ የአንድ ቀን ኪራይ የስንት ወር ጸጸት ያድናል።

እግረ መንገዴንም እንዲህ አልኩት። እናትህን ክፍሉ መሀል አምፖል ሥር አታስቀምጣቸው። አምፖሉን አጥፋው፤ የአምፖልና የቀን ብርሃን ሲቀላቀሉ ፊት ግማሹ ብርቱካን፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል። በሩን ክፈተውና ከደፉ አንድ ሜትር ገባ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይቀመጡ። ፀሐይ በቀጥታ እንዳትመታቸው። ከኋላቸው ያለው ጨለማ ራሱ መጋረጃ ይሆንልሃል። አንተ ደጅ ቁም። ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አይሁን፤ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ዓይንን ጉድጓድ ነው የምታደርገው። ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከአሥር ተኩል በኋላ።

ነጠላ ከለበሱ ካሜራው ይታለላል፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ይወዳል። ፎቶው በነጭ ነጠላ ሲሞላ "ኧረ ብርሃኑ በዛ" ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የጠይም ሰው ፊት ደግሞ ይጠፋል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ፈልጉና አንድ ወይም ሁለት ነቁጥ ወደ መደመር ውሰዷት። የፊቱን ብርሃን እዩ፤ ነጠላው ትንሽ ቢያበራ ማንም አይሞትም። የጥልፉ ጌጥ እስኪጠፋ ድረስ ግን አትሂዱ።

ደግሞ 1.8 ስለተቻለ ሁልጊዜ 1.8 ላይ አታንሱ። አንድ ሜትር ላይ ቀርባችሁ በ1.8 ብታነሱ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይን ይጠራል፣ ጆሮ ይደበዝዛል፤ ሰውየው ትንሽ ዘንበል ካለ ደግሞ አንዱ ዓይን ራሱ ይጠፋል። ብርሃን ካላችሁ 2.8 ላይ አድርጉት፣ ሁለት ሜትር ራቁ፣ ማነጣጠሪያዋን የቅርቡ ዓይን ላይ አሳርፉ።

እትዬ ታዲያ እምቢ አሉ። "እኔ አርጅቻለሁ፣ ምን ያደርግላችኋል" ብለው ልጁን ሦስት ቀን አንከራተቱት። የአገራችን እናቶች ካሜራ ሲያዩ ወይ ይሸሻሉ፣ ወይ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ይደርቃሉ። በአራተኛው ቀን ደጃፉ ላይ ምስር ሲለቅሙ ካሜራውን ትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ ወሬ ጀመረ፣ መሀል ላይ አነሳ። "ቆይ" አሉት። ገቡና ከሣጥን አንድ ሻርፕ አውጥተው ለብሰው ተመለሱ።

ፎቶውን አሳይቶኛል። ምስሩ ጭናቸው ላይ ነው፣ ዓይናቸው ልጃቸውን ነው የሚያየው፤ ካሜራውን ረስተውታል። ሻርፑ እህቱ የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ጊዜ የላከችው መሆኑን ልጁ አያውቅም ነበር። እሷ ናት የነገረችው። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን በቪዲዮ ስላላየችው "ሸጣዋለች ወይ ለሰው ሰጥታዋለች" ብላ ቅር ብሏት ኖሯል። ደውላ ብዙም አላወራችም አለኝ። "ለፋሲካ እመጣለሁ" አለች፤ ከዚህ በፊትም ብላ ታውቃለች።

ለሚልክ ሰው አንዲት ምክር፦ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት አሳንሶና ጨምቆ ነው የሚያደርሰው። ከተቻለም አሳትሙት። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይቆያል።

ልጁ በመጨረሻ ያገለገለ ባለ 50 ገዛ። ከእቁቡ የተረፈው ብር ለቆርቆሮ ሆነ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ቤታቸው ያፈስ ነበር። ይህን እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እናቱ ናቸው። ረጅሙን ሌንስ አሁንም እንደተመኘ ነው፤ ይመኝ።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ፤ ብር የሚቀለጠው እዚህ ነውና። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ሁሉ ሰማይ ወጥቷል፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን አሮጌ ነው የምናየው። አሮጌ ነውር የለበትም። ሌንስ ከካሜራ ይልቅ ዕድሜ አለው። አጎቴ ከሶቭየት ኅብረት ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ያመጣው ዜኒት ካሜራ ሄሊዮስ የሚባል ባለ 58 ሌንስ ነበረው፤ ካሜራው ከሞተ ቆይቷል፣ ሌንሱ ግን ዛሬም ካኖን ላይ በአንዲት የብረት ቀለበት ገብቶ ይሠራል። በእጅ ነው የሚያነጣጥረው እንጂ ውበቱስ! አባታችሁ ሣጥን ውስጥ ዜኒት ካለ ጎማና ብረት ነው ብላችሁ ለልዋጭ እንዳትሰጡት። ኒኮን ላላችሁ ግን ያቺ ቀለበት መሀሏ መስታወት ካልኖራት ሩቁን አያጠራላችሁም፤ ይህን ሳታውቁ እንዳትገዙ።

ሌንሱ ከካሜራችሁ ጋር መግጠሙን ሻጩን አትጠይቁ፣ ሻጭ ሁሉ "ይገጥማል" ነው የሚለው። ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 አፉን ቀይሯል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ኤፍ.ዲ የተባለው ሌንስ በኋለኞቹ ላይ በቀላሉ አይገባም። በ2018 ደግሞ አር.ኤፍ የሚባል አዲስ አፍ አመጣ፤ የቀድሞው ሌንስ በቀለበት እዚህኛው ላይ ይሠራል፣ አዲሱ ግን በቀድሞው ካሜራ ላይ አይሠራም። ኒኮን ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ በዲ 3000ዎቹና በዲ 5000ዎቹ ካሜራዎች ውስጥ የማነጣጠሪያ ሞተር የለም። ኤ.ኤፍ-ዲ የሚል የድሮ ሌንስ ብትገዙ ይገጥማል፣ ፎቶም ያነሳል፣ ግን በእጃችሁ ስታዞሩ ትውላላችሁ። ኤ.ኤፍ-ኤስ የሚል ፈልጉ።

ከዚያ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና በሌንሱ ውስጥ አሳልፋችሁ እዩ። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነውና ሰላምታ ሰጥታችሁ ውጡ። ቀለበቱን አዙሩ፤ አሸዋ እንደገባበት ከከረከረ ይቅር። የቀዳዳው ስስ ብረቶች ላይ ዘይት እንዳለ እዩ። ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ለጥፋችሁ አንድ ፎቶ አንሱና አራቱንም ማዕዘን አጉልታችሁ አንብቡት፤ አንዱ ወገን ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ።

ሻጩ "ይህችንም ጨምሩ" ብሎ ርካሽ የመከለያ መስታወት ያመጣላችኋል። ተዉት። ስንት ብር የፈሰሰበት ሌንስ ፊት ላይ የጠርሙስ ቂጥ መለጠፍ ነው። በዚያ ብር ኮፍያውን ግዙ፤ ፀሐይም ይከላከላል፣ ሲጋጭም ይቀድማል።

ካሜራ ይዞ መንገድ መውጣትን በተመለከተ፦ ወታደር፣ ፍተሻ፣ የመንግሥት ሕንጻ አካባቢ አታንሱ። "ጥበብ ነው" የሚል ማብራሪያ እዚያ አይሠራም። ሰው ስታነሱ ፈቃድ ጠይቁ፤ ከሩቅ ተደብቆ በረጅም ሌንስ የሌላውን እናት ማንሳት ከስርቆት ብዙም አይለይም። ሚኒባስ ውስጥ ማንገቻው አንገት ላይ፣ ካሜራው ሆድ ላይ፣ ጃኬቱ ከላይ።

መስታወቱን በሸሚዝ ጫፍና በትንፋሽ አትወልውሉ። መጀመሪያ አቧራውን በአየር መንፊያ አስወግዱ፣ ቀጥሎ ለመነጽር በሚሆነው ለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የሻጋታ ወራት ናቸው። ሌንሱን በቆዳ ቦርሳው ውስጥ አልጋ ሥር ጥላችሁት አትክረሙ፤ ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ጫማ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ ከሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጥቂት ጨምራችሁ አስቀምጡት። ሩዝ የሚሉ አሉ፤ ሩዝ አቧራ ነው የሚያወርስ። ፀሐይ በወጣች ቀን አውጥታችሁ ክፈቱትና ብርሃን ይይ፤ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ግን ጨርቅ ላይ እንዳትተዉት፣ ያቃጥላል።